ማር የመሰለው የናፍጣ ዘይት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል አልተጨመረበትም፤ እንዲያውም ሰው አያምንም ተብሎ ብዙ ነገር ተቀንሶለታል። ሐሰት ከተገኘበት የጻፈውን ሰው ዓይኑን ግንባር ያድርገው። መኪና ካለው ዳገት መሃል ሞተሩ ይንከስበት፤ ከሌለውም ገዝቶ ይንከስበት።

በባናሃው ተራራ ወገብ ላይ፣ መንገዱ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ሉሴና ከተማ በሚወርድበት ቦታ የማንግ ሲክስቶ ጋራዥ ነበር። ማንግ የሚባለው የሸበተ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን አንድ ነጭ ፀጉር ሳያበቅሉ በሃያ አምስት ዓመታቸው ማንግ ተብለዋል። ጋራዡ በአራት የኮኮናት ግንድ ላይ የተጣለ ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳ የለው፣ በር የለው። ታዲያ ከማኒላ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጋራዥ አልነበረም፤ ከማኒላ ወዲያም መኖሩ ያጠራጥራል።

ያኔ በዚያ መንገድ ላይ አራት ሺህ ጂፕኒ፣ ከጂፕ የተሠራ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ይመላለስ ነበር። አርባ ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱ ቁጥር ሲማሩ አርባ ላይ ያቆሙ ናቸው። እያንዳንዱ ጂፕኒ እንደ ሙሽራ ነበር የሚኳለው፤ አፍንጫው ላይ የብር ፈረሶች፣ ግንባሩ ላይ ስሙ፣ መስኮቱ ላይ ባለ ዘርፍ መጋረጃ። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ተፋጦ፣ ጉልበቱን ከጉልበት ገጥሞ፣ ዶሮውን አቅፎ ሲሄድ፣ ሉሴና እስኪደርስ ሁለት ትዳር ይታጫል፣ አንዱ ይፈርሳል። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄደው ነጭ ሚኒባስ ነው። ማቀዝቀዣ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ስም የለውም። ውስጡ የተቀመጠውም ሰው ከሉሴና ተነስቶ እስኪወርድ አጠገቡ ያለው ሰው ሳል እንደያዘው እንኳ ሳያውቅ ይወርዳል።

ቲቡርሲዮ፣ አጠር ሲል ቲቦ፣ በማንግ ሲክስቶ ጋራዥ ዘጠኝ ዓመት የሠራ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበር። ቡሎን በጥርሱ ይፈታ ነበር ማለት ማጋነን ይሆናል፤ በጥርሱ የሚፈታው ትንንሾቹን ብቻ ነው። በእጁ ጎበዝ ነበር፤ በአፉ ግን ይብሳል። በሁሉም ነገር ላይ ትንሽ ጨመር ያደርጋል፤ መጨመር ያላስፈለገው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ማንግ ሲክስቶ ዘይት ሲቀይሩ።

ሌላው መካኒክ ቡሎኑን ይፈታል፣ ዘይቱ ይወርዳል፣ ቀጠን ሲል ቡሎኑን ይመልሳል፤ አለቀ። ማንግ ሲክስቶ ግን መጀመሪያ ጂፕኒውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አስነድተው ያስመልሳሉ፤ የቀዘቀዘ ዘይት ቆሻሻውን ታች ትቶ ብቻውን ነውና የሚወርደው። ቀጥሎ አፍንጫውን ወደ ተራራው አዙረው ዳገቱ ላይ ያቆሙታል፤ የማፍሰሻው ቡሎን ከዘይት ቋቱ በስተኋላ ነው። ፊልትሮውን ያወርዳሉ፣ የላዩን ክዳን ይከፍታሉ፣ ቡሎኑን ይፈታሉ። ዘይቱ መጀመሪያ እንደ ገመድ ይወርዳል፤ ከዚያ እንደ ክር፤ ከዚያ ጠብ፣ ጠብ። ሌላው የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። እሳቸው የሚጀምሩትም እዚህ ላይ ነው። ከኪሳቸው መቁጠሪያ ያወጡና ከጂፕኒው አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። በአንድ ጠብታና በሚቀጥለው መካከል "ሰላም ላንቺ ይሁን ማርያም" የሚለውን ጸሎት አሥር ጊዜ ካልደገሙ ቡሎን አይነካም። ከዚያ አንድ ስኒ አዲስ ዘይት በላይ በኩል ያፈሳሉ፤ ያም ውስጡን አጥቦ ጠቁሮ ይወርዳል፤ እንደገና መቁጠሪያ።

"አሮጌ ዘይት ቤቱን የለመደ ነው" ይሉ ነበር። "ውጣ ስላልከው አይወጣም። ደጁ ላይ ቁጭ ብለህ ነው የምትጠብቀው።"

"ማንግ ሲክስቶ፣ እኔ የመጣሁት ዘይት ልቀይር እንጂ ልቆርብ አይደለም" ይላል የቸኮለ ሾፌር።

"እንግዲያው ቆርበህ ሂድ፤ አልተጎዳህም" ይሉታል ቀና ሳይሉ።

ነገር የተበላሸው ናፍጣ በመጣ ጊዜ ነው። ቤንዚን ሲወደድ ሾፌሩ ሁሉ የቤንዚን ሞተሩን እያወረደ በመርከብ የመጣ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ማስገባት ጀመረ። የቤንዚን ሞተር ዘይቱ ከተቀየረለት በኋላ ለሳምንታት ማር መስሎ ይቆያል። የናፍጣ ግን ጥላሸት አለበት፤ ዛሬ አዲስ ዘይት ብትጨምርለት ነገ ጥቁር ቀለም ነው። ይህን ዛሬ የሚጠባ ሕፃን ያውቀዋል። ያኔ ጂፕኒዎቹ በሚቆሙበት መነኸሪያ ግን የሚያውቀው አልነበረም።

በዚህ መሃል ሄርሞ የሚባል የሾፌሮቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ሲስቅ ታይቶ የማይታወቅ ሰው፣ "የባናሃው ንግሥት" የምትባለውን ጂፕኒውን ወደ ናፍጣ አዞረ። ሰኞ ማንግ ሲክስቶ ዘይት ቀየሩለት። ማክሰኞ ከሉሴና ተመልሶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሲመዝዝ ከጫፉ የተንጠለጠለው በራሱ ጥቁር ቀለም የሚሠራውን የባሕር እንስሳ፣ የስኩዊድን ወጥ የመሰለ ጥቁር ነበር። መነኸሪያው መሃል ላይ ቆሞ ዘንጉን ከፍ አደረገ።

"ዘይቱ አልተቀየረም" አለ። "ሦስት ሰዓት አስቀመጡኝ፤ መቁጠሪያ ቆጠሩብኝ፤ ከዚያ ያንኑ አሮጌውን መልሰው ጨመሩልኝ።"

ሌሎቹም ሮጠው የየራሳቸውን ዘንግ መዘዙ። መነኸሪያው ጦር የመዘዘ ሠራዊት መሰለ። ሁሉም ጥቁር ነበር፤ ሁሉንም የቀየሩት ማንግ ሲክስቶ ነበሩ። ከመነኸሪያው ማዶ በቅርቡ የተከፈተ፣ ባለ ቀለም ሰሌዳ፣ ባለ ሲሚንቶ ወለል ጋራዥ አለ። ቅዳሜ ማኅበሩ ተሰብስቦ ጂፕኒው ሁሉ ወደዚያ ይሂድ ወይስ አይሂድ ብሎ ሊወስን ሆነ።

ማንግ ሲክስቶ ሲነገራቸው "ናፍጣ እንዲያ ነው" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው ማስረዳት አይችልም ነበር። እስከ ማታ ቁልፎቻቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ ቆዩና፣ "ሌባ ካሉኝ በሬን እዘጋለሁ" አሉ። በር አልነበራቸውም። ቲቦ ግን ያን ቀን አልሳቀም።

በማግስቱ ቲቦ መነኸሪያው ዳር ምግብ ከምትሸጠው ከአሊንግ ፓሲንግ ዘንድ ቁጭ ብሎ ፓንሲት የሚባለውን የቀጭን ፓስታ ምግብ ይበላል። አሊንግ ፓሲንግ ፓንሲቷን በሙዝ ቅጠል ላይ ታቀርባለች፤ ሹካ አትሰጥም። ቅጠሉን ወደ አፍ አቅንቶ መማግ ነው፤ እጁ ዘይት ለነካ መካኒክ ከዚህ የተሻለ ምግብ አልተፈጠረም። ሄርሞም የራሱን ቅጠል ይዞ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ኩያ ሄርሞ" አለ ቲቦ፣ በዕድሜ ስለሚበልጠው እንደ ታላቅ ወንድም እየጠራው፣ አፉ እንደሞላ፤ "ሌባ ያልከው ማንን ነው?"

"ስም አልጠራሁም።"

"ካልጠራህ ዘንጉን መነኸሪያ መሃል ምን ብለህ መዘዝከው?"

"የተናገረው ዘንጉ ነው። እኔ አንባቢ ነኝ።"

"ማንበብ መቼ ተማርክና?" አለች አሊንግ ፓሲንግ፣ ከድስቷ ቀና ሳትል።

"ቆሻሻው የአንተ ሞተር ነው" አለ ቲቦ። "ማንግ ሲክስቶ አንድ ቀን ከልባቸው ቢያፈሱልህ፣ ሉሴና ደርሰህ ስትመለስ ዘይትህ ማር ነው። ዳቦ ትቀባዋለህ።"

"ከልባቸው? እስካሁን ከምናቸው ነበር የሚያፈሱት?"

ቲቦ ሌላ አፍ ሙሉ ፓንሲት ማገ። "እስካሁንማ... በግማሽ ልባቸው ነው" አለ፤ ካለ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው።

ሄርሞ ቅጠሉን አስቀመጠ። "ጥሩ። ነገ ሐሙስ ንግሥቲቱን አመጣታለሁ። ሲያፈሱ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሉሴና ደርሼ እመለሳለሁ። ማር ከሆነ ቅዳሜ ተነስቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥቁር ከሆነ አርባውም ጂፕኒ ማዶ ይሻገራል።"

"አራት ሺሁም" አለ ቲቦ።

ጋራዥ ሲመለስ ማንግ ሲክስቶ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ነበር።

"ምን አልከው?"

"ማር።"

"የናፍጣ ሞተር?"

"ዳቦ ይቀባልም ብያለሁ።"

ማንግ ሲክስቶ የሚወለውሉትን ቁልፍ አስቀመጡ። "ቲቦ፣ ሚስት አለችህ፣ ሁለት ልጅ አሳድገሃል። አፍህን ግን የሚያሳድግልህ ሰው አጣህ።"

"ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበለው?"

"ምን ብለህ? በግማሽ ልብ አይደለም፣ በሩብ ነው ልትለው?" ከዱካቸው ተነሱ። "እንግዲህ እናፈሳለን።"

ሐሙስ ዕለት ፀሐይዋ ነገሩ እንዳያመልጣት ብላ ከወትሮው ቀድማ ወጣች። ሰው ከታያባስ መጣ፣ ከሳሪያያ መጣ፣ ከባሕሩ ማዶ በጀልባ የመጣም ነበር። ቄሱ ቅዳሴውን አጋምሰው ወጡ፤ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ተሰለፈ። የኮኮናት አረቄ በጀሪካን ዞረ። "የባናሃው ንግሥት" ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄዳ ሞቃ መጣችና ዳገቱ ላይ ቆመች፤ አቋቋሟ ከመሬት ይልቅ ለሰማይ ይቀርብ ነበር። ማንግ ሲክስቶ ቡሎኑን ፈቱ።

የዚያ ሞተር ቋት ስድስት ሊትር ይይዛል፤ የወረደው ግን ሰባት ሳፋ ነው። ከየት መጣ ለሚል መልሱ ቀላል ነው፤ ከዚያን ቀን በፊት ማንም አሟጦ አፍስሶት አያውቅም። ሞተሩ ጃፓን ሳለ የጠጣው ሁሉ ወረደ።

ከዚያ ጠብታው መጣ። ቲቦ ጉንጩን መሬት ላይ አስደግፎ ከሥር ተኝቷል፤ የቡሎኑን ቀዳዳ ያያል። ማንግ ሲክስቶ ዱካቸው ላይ፣ መቁጠሪያቸው በጣታቸው። ሄርሞ ትይዩ ካለው ድንጋይ ላይ፣ ማጭበርበር እንዳይኖር፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

የመጀመሪያው ስኒ አዲስ ዘይት ገባ፤ ቀለም ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ገባ፤ ያው። ማንግ ሲክስቶ ሄደው አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ከፍ አደረጉት፤ ቀኝ ጥግ የተኛ ካለ እንዲነሳ። ተነሳ፤ አንድ ሙሉ ማንኪያ ጥቁር ወረደ። ከዚያ ያንን አውርደው በሌላው በኩል አነሱ። ሦስተኛው ስኒ ቡናማ ሆኖ ወጣ። እኩለ ቀን አለፈ። አሊንግ ፓሲንግ ፓንሲት ይዛ መጣች፤ ማንግ ሲክስቶ ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ እምቢ አሏት፤ ቆጠራቸው መሃል ላይ ነበሩ።

"ይበቃል እኮ" አለ ሄርሞ መጨረሻ ላይ።

"አንድ አለች።"

"አንዲት ጠብታ ምን ታመጣለች?"

"እኔ ላይ ምንም። የምትነዳው አንተ ነህ።"

ሄርሞ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ያቺ ጠብታ በቀዳዳው ከንፈር ላይ ተንጠልጥላ፣ ለመውደቅ አልወደቀች፣ ለመቅረት አልቀረች። ማንግ ሲክስቶ መቁጠሪያውን ሁለት ዙር ጨረሱ። ቲቦ አንገቱ ደርቆ፣ አንድ ዓይኑ ውስጥ ዘይት ገብቶ ተኝቷል። ይህን ሁሉ ያመጣው በአፉ ነው። የእኚህን ሰው ስም በሙዝ ቅጠል ላይ አስይዞ የተጫወተው እሱ ነው። ጠብታዋ ስትወድቅ ማንግ ሲክስቶ ቡሎኑን ለመመለስ አጎነበሱ።

"ጥቁር ነው የሚሆነው፣ አይደል?" አለ ቲቦ በሹክሹክታ።

"ይሆናል" አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ። "የሞተሩ ጥቁር። የእኛ ግን አይሆንም።"

አምስተኛውና የመጨረሻው ስኒ ቀጭን ሻይ መስሎ ወርዶ ነበር። አዲሱ ዘይት ገባ፤ ፊልትሮው ታሰረ። ሄርሞ ብቻውን ተነሳና ቁልቁል ነዳ፤ የሙዚቃ ጓዱ እስከ መታጠፊያው አጀበው።

አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ማንግ ሲክስቶ ሳፋዎቹን አንድ በአንድ አጠቡ። ቲቦ ምንም አላወራም፤ ይህ ራሱ በዚያ አካባቢ ተአምር ተብሎ ይነገራል።

ከዚያ ድምፅ ተሰማ። የሞተር ድምፅ ብቻ አልነበረም። "የባናሃው ንግሥት" ዳገቱን ስትወጣ የንብ መንጋ ተከትሏታል፤ ሦስት ቀፎ ሙሉ ንብ፣ ከፊሉ በራዲያተሩ በኩል ሊገባ ይታገላል። ሄርሞ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ማንግ ሲክስቶ ከጎኑ ቆሙ። ዘንጉ ሲመዘዝ የወጣው ብርሃን እንደ ወርቅ ያንጸባርቅ ስለነበር ሰው ሁሉ እጁን ዓይኑ ላይ ጋረደ፤ ቲቦም ጨፈነ። ጨፍኖ እንዳለ ነው የሄርሞን ድምፅ የሰማው።

"ንጹህ ነው።"

ቅዳሜም ያው ሄርሞ በስብሰባው ላይ ተነሳ፤ "ማንግ ሲክስቶን በድያለሁ፤ ይቅርታ" ብሎ ተቀመጠ። አንድም ጂፕኒ ማዶ አልተሻገረም። በር የሌለው ጋራዥ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይዘጋ ቆየ።

እነዚያ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ዘይት የሚቀየረው በመምጠጫ ነው፤ ቀጭን ቱቦ በመለኪያው ቀዳዳ ይገባል፣ መሣሪያው ሁለት ጊዜ ያጉረመርማል፣ በአሥር ደቂቃ አለቀ ይሉሃል። ከሥር የሚተኛ የለም። ምን እንደቀረ የሚያይ የለም። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅማ ቢገኝ ሥራ ፈት ነው ብለው ያባርሩታል። መታጠፊያው ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ግን፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከተራራው ሲወርድ፣ ቆርቆሮው ሥር ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር አሁንም የሚሰማቸው ሰዎች አሉ።

ማንግ ሲክስቶ በዚህ ዓመት በየካቲት አረፉ። በአርባኛው ቀን ከጸሎቱ በኋላ ምሳው የተበላው በዚያው ቆርቆሮ ሥር ነበር። ሽበት የወረሰው ቲቦ ወጣቶቹን ዙሪያውን ሰብስቦ ይህንኑ ታሪክ እንደ ወትሮው እያወራ ንቦቹ ጋ ደረሰ። ከአግዳሚው ዳር ሄርሞ ተቀምጠዋል፤ ዛሬ እሳቸውም ማንግ ሄርሞ ናቸው፤ አንቱ ይባላሉ። ይህ ታሪክ ሲወራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምተው አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም።

"ንብ አልነበረም" አሉ።

"እሺ፣ ጥቂት ነበረ" አለ ቲቦ።

"አልነበረም። ሰውም አልነበረም። እኔ፣ አንተ፣ እሳቸውና አሊንግ ፓሲንግ ነበርን። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ነው የዋለው።"

ቲቦ ሊስቅ ዞሮ አየ፤ የሳቀለት አልነበረም።

"ዘይቱስ?" አለች የማንግ ሲክስቶ የልጅ ልጅ።

"ጥቁር ነበር" አሉ ማንግ ሄርሞ። "እንደ መጀመሪያው ቀን።"

"ንጹህ ነው ብለዋል እኮ" አለ ቲቦ። ድምፁ አነሰ። "በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

"ብያለሁ። ስለ ዘይቱ አልነበረም ያልኩት። ከጧት ጀምሮ እሳቸውን ሳይ ነበር የዋልኩት።" ማንግ ሄርሞ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። "ዘንጉን የጠረግሁበትን ጨርቅ ማንግ ሲክስቶ ተቀበሉኝ። አዩት። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና፣ 'ምሳ በልተሃል?' አሉኝ።"